ጅብ ከመሄዱ በፊት፦ የሰርቨር የኹነት መዝገብና የኢሜይል ማስጠንቀቂያ

በሐረር ከተማ፣ በአቦከር ወረዳ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በመላው አገር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በሐረር ሲነገር የተለየ ክብደት ያገኛል። በዚህች ከተማ ጅብ እንግዳ አይደለም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሠሩት በጀጎል ግንብ ሥር ጅቦች በሌሊት የሚተላለፉባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች እንዳሉ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ጅቡ በዚያ ገብቶ፣ በየመንገዱ የተጣለውን ትርፍራፊ ለቅሞ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። የሐረር ውሻ ጅብ ባየ ቁጥር የሚጮኽ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ባላረፈ፤ ባለቤቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ጩኸቱን ከቁም ነገር ባልቆጠረው ነበር። ፈጽሞ የማይጮኽ ቢሆን ደግሞ መኖሩ ካለመኖሩ ባልተለየ። የሚፈለገው የለመደውን ከእንግዳው ለይቶ፣ እንግዳው ገና አጥሩ ላይ ሳለ የሚጮኽ ውሻ ነው።

የዚህ ንግግር ርእስም ከዚሁ የራቀ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ሰርቨር በውስጡ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ቀንና ሌሊት ይመዘግባል። መዝገቡ ግን በራሱ ማንንም አይጠራም። ጥፋት ከደረሰ በኋላ ተከፍቶ ሲነበብ ሁሉም ነገር በውስጡ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ጅብ ከሄደ በኋላ መጮኽ ነው። ከመዝገቡ ውስጥ ጥቂቶቹ አስጊ ኹነቶች በተጻፉበት ቅጽበት ለሚመለከተው ሰው በኢሜይል እንዲደርሱ ማድረግ ይቻላል። ይህን ማድረግ ምን እንደሚጠይቅና በምን ምክንያት እንደሚከሽፍ መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ሀ/ መዝገቡና የመዝገቡ ድካም

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሦስት ዋና ዋና መዝገቦች ይገኛሉ። እነርሱም የሲስተሙ፣ የአፕሊኬሽኖችና የጸጥታ መዝገቦች ናቸው። እያንዳንዱ ኹነት የራሱ መለያ ቁጥርና የተፈጸመበት ጊዜ አለው። በዩኒክስና በሊኑክስ ማሽኖች ላይ የሚሠራበት ሲስሎግ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በበርክሌይ ኤሪክ ኦልማን ያዘጋጀው ነው። ኦልማን ሲስሎግን የፈጠረው ሴንድሜይል ከተባለው የኢሜይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ጋር አብሮ እንዲሠራ ነበር። ስለዚህ መዝገብና ኢሜይል ከመነሻቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ሲስሎግ መልእክቶችን እንደ ክብደታቸው ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ ይከፍላል። 0 ማሽኑ ከነጭራሹ የማይሠራበት አደጋ ሲሆን፣ 7 ለፕሮግራም አራሚ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው። መለየት የሥራው መጀመሪያ መሆኑን የቀደሙት ባለሙያዎች ከጥንስሱ ተረድተውት ነበር።

የመዝገቡ አንደኛ ድካም ብዛቱ ነው። ሁለተኛው ድካም ግን ይበልጥ አሳሳቢ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም መዝገቡ ራሱን በራሱ የሚሰርዝ መሆኑ ነው። የዊንዶውስ መዝገብ አስቀድሞ የተወሰነለት መጠን ብዙውን ጊዜ 20 ሜጋባይት ሲሆን፣ በሞላ ጊዜ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። አንድ ኹነት በግምት 1 ኪሎባይት ቢይዝ መዝገቡ ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ኹነቶችን ብቻ ይችላል። አንድ ክፉ አሳቢ በየሴኮንዱ አንድ የይለፍ ቃል ቢሞክር፣ እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ይጻፋልና መዝገቡ በ6 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተገልብጦ ያልቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተጀመረ ሙከራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሳካ፣ ጧት 3 ሰዓት ላይ መዝገቡን የሚከፍት ባለሙያ የገባበትን በር ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ «ጧት እናየዋለን» ማለት ብዙ ጊዜ «አናየውም» ማለት ሆኖ ይገኛል።

አቦከርን በመሰለ ወረዳ የአንድ ጽሕፈት ቤት ሁኔታ ምን እንደሚመስል ለማኅበሩ አባላት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ባለሙያ የማተሚያውን ቀለም የሚቀይር፣ የኃላፊውን ላፕቶፕ የሚያስተካክል፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚጠራ ያው አንድ ሰው ነው። በየቀኑ ብዙ ሺህ መሥመር እንዲያነብ መጠበቅ ከንቱ ነው። እንግዲህ እርሱ ወደ መዝገቡ መሄድ ካልቻለ መዝገቡ ወደ እርሱ መምጣት ይኖርበታል።

ለ/ ሁለት ምስክሮች

እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ምሁር የኮምፒዩተር ሒሳብ ሲመረምር 75 የአሜሪካ ሳንቲም ጎደለው። ጉድለቱን ሲከታተል ፈቃድ የሌለው ሰው በላቦራቶሪው ማሽን እንደሚገለገል ደረሰበት። ስቶል ቀን ከሌሊት ሰሌዳው ፊት መቀመጥ ስላልቻለ አንድ ዘዴ አበጀ። የተሰረቁት መለያዎች በተከፈቱ ቁጥር በኪሱ የሚይዛት የጥሪ መሣሪያ፣ ፔጀር የተባለችው፣ እንድትጮኽ አደረገ። ሰውዬው የሚጽፈው ሁሉ ደግሞ በሌላ መሣሪያ ላይ እንዲታተም አዘጋጀ፤ ይህም መሣሪያ ከተደፈረው ማሽን የተለየ ስለ ነበር ሌባው ሊያጠፋው ቀርቶ መኖሩንም አላወቀም። ከብዙ ወራት ክትትል በኋላ ማርከስ ሄስ የተባለው ሰው በምዕራብ ጀርመን ተገኝቶ በ1990 ተፈረደበት። ስቶል የተጠቀመባቸው ሁለት መሠረታዊ ሐሳቦች ዛሬም አልተለወጡም። አንደኛው፣ ማስጠንቀቂያው ሰው ባለበት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ማስረጃውን ከተጠቃው ማሽን ውጭ ማኖር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከአገር ቤት ነው። ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በስልክ መልእክት በደቂቃዎች ውስጥ ተዛመተ፤ በየግቢው ባሉ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊትም ሰልፍ ሆነ። ግብይቱን ለማቆም ብዙ ሰዓት ፈጀ። ባንኩ በኋላ ይፋ ባደረገው መሠረት በዚያ ጊዜ ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች የተፈጸሙ ሲሆን፣ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑ፣ ይልቁንም ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገለጸ። ከገንዘቡም አብዛኛው ከደንበኞቹ ተመልሷል።

የባንኩን ውስጣዊ አሠራር መተቸት የዚህ ንግግር ተግባር አይደለም። ነገር ግን ለሙያው የሚተርፍ አንድ ትምህርት አለ። ገንዘቡን ከሞላ ጎደል ማስመለስ የተቻለው እያንዳንዱ ግብይት በማን ስም እንደ ተፈጸመ ተጽፎ ስለ ነበር ነው፤ መዝገብ ለፍርድና ለማስመለስ የሚበጀው እንዲህ ነው። በሌላ በኩል ግን በዚያች ሌሊት ወሬ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሮጠበት ፍጥነት ምን ያህል እንደ ነበር ሁሉም አይቶታል። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከራሱ ማሽን ወደ ራሱ ባለሙያ የሚሄደው ወሬ ከዚህ የዘገየ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባዋል።

ሐ/ ምን ይነገር?

ብዙ ባልደረቦች ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረጉ «ስሕተት» የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ በኢሜይል እንዲላክ ያዝዛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ያነባሉ። በሁለተኛው ሳምንት አርእስቱን ብቻ ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት መልእክቶቹ በቀጥታ ወደ ሌላ ሣጥን እንዲገቡ ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲያ ማስጠንቀቂያ አለ ተብሎ የሚታመንበት፣ በተግባር ግን የሌለበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ በድሃ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚደርስ አይደለም። ታርጌት የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የ40 ሚሊዮን ያህል የክፍያ ካርዶች መረጃ ሲሰረቅበት፣ የጥበቃ መሣሪያው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ በጊዜው እርምጃ የወሰደ ግን አልነበረም።

ስለዚህ በቅጽበት መነገር የሚገባቸው ኹነቶች በጣት የሚቆጠሩ ይሁኑ። በዊንዶውስ ሰርቨር ረገድ ለመነሻ ያህል የሚከተሉት ይበቃሉ።

1. ቁጥር 1102፤ የጸጥታ መዝገቡ መጥፋቱን ያመለክታል። መዝገብ በአጋጣሚ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ሰው ነው።

2. ቁጥር 4720፤ አዲስ የተጠቃሚ መለያ መፈጠሩን ያመለክታል። ቁጥር 4732 ደግሞ አንድ ሰው በማሽኑ ላይ ወዳለ ቡድን፣ ለምሳሌ ወደ አስተዳዳሪዎች ቡድን፣ መጨመሩን ይናገራል።

3. ቁጥር 7045፤ በሲስተሙ ላይ አዲስ አገልግሎት መተከሉን ያመለክታል። ጎጂ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በዚህ በር ይገባሉ።

4. ቁጥር 4740፤ አንድ መለያ በተደጋጋሚ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ምክንያት መቆለፉን ያመለክታል።

5. ቁጥር 6008፤ ማሽኑ ሳይታሰብ መጥፋቱን ያመለክታል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ማስተዋል ይጠይቃሉ። ከበዓል መልስ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሠራተኛ መለያው ቢቆለፍ ይህ የተለመደው ጅብ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የአሥር ሠራተኞች መለያ ቢቆለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲሁም መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ዩፒኤሱም በደከመበት ቢሮ፣ ቁጥር 6008 አዘውትሮ መምጣቱ አያስገርምም። እንዲህ ያለው በየጧቱ በሚላክ አንድ ማጠቃለያ ውስጥ ይግባ። ነገር ግን የሰፈሩ መብራት ሳይጠፋ ሰርቨሩ ብቻውን ከጠፋ ያ በቅጽበት ሊነገር ይገባዋል። የትኛው ልማድ፣ የትኛው እንግዳ እንደሆነ የሚያውቀው የቦታው ባለሙያ እንጂ የፕሮግራሙ ሠሪ አይደለም። ከውጭ የተቀዳ ዝርዝር እንዳለ መውሰድ የማይበጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

መ/ ለማንና በምን አኳኋን?

መልእክቱ ለአንድ ግለሰብ ብቻ የሚላክ ከሆነ ያ ሰው በታመመ፣ ለቅሶ በሄደ፣ ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ ጊዜ ጥበቃው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ለሁለት ሰዎች የሚደርስ የጋራ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ ለመልሱ ተጠያቂው ማን እንደሆነም በጽሑፍ ይወሰን። ለሁሉም የተላከ፣ ተጠያቂው ግን ያልታወቀ መልእክት ማንም የማያነሣው ስልክ ነው።

የመልእክቱ አጻጻፍም ቀላል ነገር አይደለም። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው በአርእስቱ ብቻ አራት ነገር መረዳት አለበት፤ የትኛው ማሽን፣ ምን ሆነ፣ መቼ፣ አሁን ምን ይደረግ። «ማስጠንቀቂያ ቁጥር 4732» ከማለት «በመዝገብ ቤቱ ሰርቨር አዲስ አስተዳዳሪ ተጨምሯል፤ ያላዘዛችሁ ከሆነ መለያውን ዝጉ» ማለት እጅግ ይሻላል።

በሰዓት ረገድ በኢትዮጵያ የሚያጋጥም ልዩ ችግር አለ። ዊንዶውስ ኹነቱን በውስጡ የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ ሲያሳይ ወደ አካባቢው ሰዓት ይለውጠዋል። ስለዚህ አንድ ኹነት በአንዱ ጽሑፍ 23:14፣ በሌላው 02:14 ሆኖ ይታያል፤ ሰው ሲናገር ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይለዋል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። «02:14» የሚለውን ያነበበ ሰው ጧት ከ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ መስሎት በዚያ ሰዓት ቢሮ የነበረውን ንጹሕ ሠራተኛ ሊጠረጥር ይችላል። የቀኑ አቆጣጠር ሲጨመርበት ስሕተቱ ይባባሳል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሰዓቱንና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ እንዲልክ ማድረግ የሰውን ስም ከመጉደፍ ያድናል።

ሠ/ በምን መንገድ ይሂድ?

ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ ሰርቨሮች ላይ አንድ ኹነት ሲጻፍ አንድ ተግባር አብሮ እንዲነሣ ማዘዝ ይቻላል። በመጀመሪያ ጊዜ «ኢሜይል ላክ» የሚለው ትእዛዝ በራሱ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከ2012ቱ ሰርቨር ጀምሮ ግን ይህ ትእዛዝ ከአገልግሎት እንዲወጣ ስለ ተወሰነ፣ በፓወርሼል የተጻፈ አጭር ስክሪፕት መልእክቱን እንዲልክ ማድረግ የተለመደ መንገድ ሆኗል። በሊኑክስ በኩል አርሲስሎግ ከመዝገቡ መርጦ ኢሜይል ይልካል፤ ሎግዎች ደግሞ የቀኑን ማጠቃለያ ያዘጋጃል። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ዕቃ መግዛት ግድ አይደለም።

ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ለመላኪያነት የሚያገለግለው የኢሜይል መለያ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተከፈተ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ አይጻፍ። ሁለተኛ፣ የመላኪያው ሕግ ሊለወጥ እንደሚችል ይታሰብ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በተራ የይለፍ ቃል ብቻ ለሚገቡ ፕሮግራሞች በሩን በዘጋ ጊዜ፣ በዚያ መንገድ ይልኩ የነበሩ ስክሪፕቶች መላክ ተሳናቸው። ሦስተኛ፣ የኹነቶቹ ቅጂ ወደ ሌላ ማሽን ይተላለፍ። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆን የማስተላለፊያ አገልግሎት በውስጡ አለው። ስቶል በ1986 ያደረገው ይኸው ነው፤ ሌባው የቤቱን መዝገብ ቢቀድ የጎረቤቱን አይቀድም።

መስመሩስ ራሱ ቢቋረጥ? በኢትዮጵያ የስልክ ሥራ የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር በሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። የሐረር ሰው እንግዲህ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ በአንዲት ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ካወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተዘጋ ጊዜ፣ በውጭ አገር ኢሜይል ብቻ የሚተማመን ማንኛውም የማስጠንቀቂያ ዘዴ ዲዳ መሆኑ የማይቀር ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል። በሲም ካርድ አጭር መልእክት የሚልክ ሞደም፣ ይህም ካልተገኘ በዘበኛው ክፍል የሚበራ ተራ መብራት እንኳ ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ረ/ ዝምታው ምን ማለት ነው?

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ እነሆ ይህ ነው። ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ሲቀር ሰው ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ነገር ግን ዝምታ ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይም ምንም አልሆነም፣ ወይም ጠባቂው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ሲዘረፍ፣ ሌቦቹ ሳይታወቁ 76 ቀን ቆይተዋል። የመረቡን እንቅስቃሴ የሚመረምረው መሣሪያ ዲጂታል የምስክር ወረቀቱ ጊዜው ካለፈ ብዙ ወራት ሆኖት ስለ ነበር፣ በስፍራው ተተክሎ ሳለ አያይም ነበር። ወረቀቱ በታደሰ ዕለት መሣሪያው ወዲያው ጮኸ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰርቨሩ በየጧቱ ልክ 2 ሰዓት ላይ «ደኅና ነኝ፤ ትናንት ይህን ያህል ኹነት መዝግቤአለሁ» የሚል አንድ መልእክት ይላክ። ያ መልእክት ከቀረ መቅረቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህም ሌላ በወር አንድ ቀን ባለሙያው ሆን ብሎ የሙከራ መለያ ፈጥሮ መልእክቱ በስንት ደቂቃ እንደ ደረሰ በደብተር ይጻፍ። ያልተሞከረ ማስጠንቀቂያ ተስፋ እንጂ ጥበቃ አይባልም።

ማጠቃለያ

«ፋየርዎልና ጸረ ቫይረስ ካለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉ አይጠፉም። መልሱ ከዚህ ስብሰባ ቦታ ሳይርቅ ቆሟል። ጀጎል ታላቅ ግንብ ነው፤ ነገር ግን በግንቡ ላይ አምስት በሮች ነበሩ፤ በበሮቹም ላይ ዘቦች። ግንብ የሚያግደው በበር የማይመጣውን ብቻ ነው። በሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል የሚመጣው ሌባ በበር ነውና የሚገባው፣ እርሱን የሚለየው ዘብ ነው።

በዚህ ረገድ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነም መዘንጋት አይገባም። በወረዳ ሰርቨር ውስጥ የሚገኘው የልደትና የጋብቻ መዝገብ፣ የቦታ ይዞታ፣ የግብር ሒሳብ ነው። አንዲት እናት የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ልትወስድ መጥታ ስሙ ከመዝገቡ ተፍቆ ወይም ተለውጦ ብታገኘው፣ ለእርስዋ «ሲስተሙ ነው» የሚለው መልስ መልስ አይሆንም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያዝዛል። ሕጉ በቀጥታ የማይመለከተው መሥሪያ ቤት እንኳ በ6 ሰዓት ውስጥ ራሱን የሚሰርዝ መዝገብ ይዞ ለሕዝብ መረጃ ዋስ ነኝ ማለት ያስቸግረዋል።

ስለዚህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ትልቅ ዕቅድ አይደለም። እያንዳንዱ ባልደረባ ወደ ቢሮው ሲመለስ የመዝገቡን መጠን ያሳድግ፤ አምስቱን ኹነቶች መርጦ ለሁለት ሰው የሚደርስ ኢሜይል ያዘጋጅ፤ የጧቱን «ደኅና ነኝ» ያስጀምር። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ በሌሊት ቢጮኽ ጩኸቱን የሚሰማ፣ ዝም ቢልም ዝምታውን የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ጅቡም ገና ሳይሄድ ይደረስበታል።